ረጅሙ ዥዋዥዌና ባሕር ዳር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሰሞኑን ስልኩን ያወጣ ሁሉ አንድ ዓይነት ቪዲዮ ያሳየኛል። ቀጭን የብረት ግንብ፣ ጫፉ ላይ በሰንሰለት የተንጠለጠሉ ወንበሮች፣ ወንበሮቹ ላይ የሚጮኹ ሰዎች። ከዚያ ጥያቄው ይከተላል፦ «ይሄ ጣና ዳር ቢተከል አይደምቅም?» ይደምቃል። ከመድመቁ በፊት ግን መልስ የሚፈልጉ ነገሮች አሉ። ደጋግመው የሚመጡትን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ለመሆኑ ይሄ ነገር ምንድን ነው?

ዥዋዥዌ ነው። ልጅ ሆነን ዛፍ ላይ ገመድ አስረን ከተጫወትንበት የሚለየው፣ ወደፊትና ወደኋላ ከመወዛወዝ ይልቅ ዙሪያውን መዞሩ ነው። መሐል ላይ የብረት ግንብ ይቆማል። ግንቡን የከበበ ትልቅ ቀለበት አለ። ከቀለበቱ እጆች ይዘረጋሉ፤ ከእያንዳንዱ እጅ ጫፍ ላይ ሁለት ሰው የሚይዝ ወንበር በሰንሰለት ይንጠለጠላል። ሰዉ መሬት ላይ ይሳፈራል። ቀለበቱ ቀስ እያለ እየዞረ ሽቅብ ይወጣል። ጫፍ ሲደርስ ፍጥነት ይጨምራል፣ ጥቂት ደቂቃ ይዞራል፣ ይወርዳል። አለቀ።

መገለባበጥ የለም። ድንገት ቁልቁል መወርወርም የለም። የሚያስፈራው እግር ሥር ምንም ነገር አለመኖሩ ነው። እሱ ግን በደንብ ያስፈራል።

ባሕር ዳር ላይ ሊሠራ ነው እንዴ?

ይህ ጽሑፍ የማንም ፕሮጀክት ማስታወቂያ አይደለም። እዚህ የምንነጋገረው «ቢሠራስ?» በሚለው ላይ ነው። አንድ ሰው «ሼር ግዙ» ብሎ ከመጣባችሁ ግን ከታች ያሉትን ጥያቄዎች ጠይቁት። ስለ አፈሩና ስለ ነፋሱ መልስ ከሌለው፣ በእጁ ያለው የኮምፒውተር ሥዕል ብቻ ነው።

በዓለም ላይ ረጅሙ የትኛው ነው?

ውድድሩ አስቂኝ ነው። ኮፐንሃገን ውስጥ ቲቮሊ የሚባለው የቆየ መናፈሻ በ2006 ባለ 80 ሜትሩን ከፈተ። ቪየና በ2010 117 ሜትር አቆመች። በ2013 ስቶክሆልምና ቴክሳስ ሁለቱም 120 ሜትርን ተሻገሩ፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ከአንድ ሰው ቁመት ብዙም አይበልጥም። በ2014 አሜሪካ ውስጥ ማሳቹሴትስ ላይ 125 ሜትር ገደማ የሆነ ተተከለ። ኦርላንዶ በ2018 137 ሜትር አደረሰችው። ዱባይ በ2021 በ140 ሜትር ሁሉንም በለጠች። ከእነዚህ አብዛኞቹን የሠራው ፈንታይም የሚባል የኦስትሪያ ኩባንያ ነው። የዚህ መጫወቻ መጠሪያ የሆነው ስታርፍላየር የሚለውም ስም ከእሱ ጋር ነው የታወቀው።

ለማነጻጸር ያህል፣ ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ቁመቱ 40 ሜትር አካባቢ ነው። አጭሩ የኮፐንሃገን ግንብ እንኳ ሁለቱን ጢስ ዓባይ አነባብሮ ያህላል።

አንድ ነገር ልጨምር። የዱባዩ ግንብ የተተከለበት ፓርክ በ2023 ተዘግቶ ቦታውን ሌላ ፓርክ ወሰደው። ፓርኩ የዓለም ሪከርዱን ከያዘ በኋላ የቆየው ሁለት ዓመት ገደማ ብቻ ነው ማለት ነው። «በአፍሪካ የመጀመሪያው፣ ረጅሙ» የሚል ባነር ለመስቀል ለሚቸኩል ሰው ይህን መንገር ደስ ይለኛል።

ወንበሩ ለምን ወደ ውጭ ይወጣል? ወፍራም ሰው ከተቀመጠስ?

ሰውነት ሲንቀሳቀስ በቀጥታ መሄድ ይፈልጋል። ሰንሰለቱ ወደ መሐል እየሳበ እንዲዞር ያስገድደዋል። ሰንሰለቱ ደግሞ በአንድ ጊዜ ሁለት ሥራ አለበት፦ ሰውዬውን ከመውደቅ መያዝና ወደ መሐል መሳብ። ሁለቱንም ለመሥራት ማዘንበል አለበት። ፍጥነቱ ሲጨምር ወደ መሐል የሚሳበው ይበዛል፣ ስለዚህ ይበልጥ ያዘነብላል።

በቁጥር እንየው። የቴክሳሱ ወንበሮቹ ሲከፈቱ 38 ሜትር ስፋት ያለው ክብ ይሠራሉ፤ ፍጥነቱ በሰዓት 56 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስታሰሉት አንድ ዙር 8 ሰከንድ አይሞላም። ሰንሰለቱ ከ50 ዲግሪ በላይ ያዘነብላል። በዚያ ሰዓት 60 ኪሎ የሆነ ሰው ወንበሩ ላይ የሚጫነው ወደ 98 ኪሎ ገደማ ነው። ሆዳችሁ የሚከብዳችሁ ለዚህ ነው እንጂ ፈሪ ስለሆናችሁ ብቻ አይደለም።

የሚገርመው ክብደት ዘንበል ማለቱን አይለውጠውም። የሁለተኛ ክፍል ተማሪና ሁለት ኩንታል ጤፍ ተሸክሞ የሚሮጥ ወዛደር በአንድ ቀለበት ላይ ቢቀመጡ ሰንሰለታቸው እኩል ነው የሚያዘነብለው። ከባዱን ሰው መሬት ይበልጥ ትስበዋለች፤ እሱን ለማዞርም በዚያው ልክ ተጨማሪ ጉልበት ያስፈልጋል። ሁለቱ ይጣፋሉ። ለዚህ ነው ወንበሮቹ ሁሉ በአየር ላይ ሰልፍ የያዙ የሚመስሉት።

ኦፕሬተሩ ግን ክብደትን ዝም ብሎ አያልፈውም። አምስት ወፍራም ሰዎች በአንድ ወገን፣ ባዶ ወንበሮች በሌላው ወገን ከሆኑ ቀለበቱ ወደ አንድ ጎን ይጎተታል። «አንተ ወዲያ፣ አንቺ ወዲህ» እያለ ሲያዘዋውራችሁ ጓደኛሞችን ለመለያየት ፈልጎ እንዳይመስላችሁ።

እንዴት ነው የሚገነባው?

ሰው የሚያየው ግንቡን ነው። ሥራው ያለው ግን መሬት ውስጥ ነው።

መጀመሪያ አፈሩ በመሰርሰሪያ ተቦርቡሮ ናሙና ይወሰዳል። ከናሙናው ተነስቶ የመሠረቱ ስፋትና ጥልቀት ይሰላል። ቀጭን ግንብ ለራሱ ክብደት ብዙም ችግር የለበትም፤ ችግሩ ነፋስ ገፍቶ ሊጥለው መፈለጉ ነው። የሚይዘው የመሠረቱ ክብደትና ስፋት ነው። ስለዚህ ጉድጓዱ ይቆፈራል፣ ፌሮው ጥቅጥቅ ተደርጎ ይታሰራል፣ አርማታው ይሞላል። አርማታው ከመሞላቱ በፊት ግንቡ የሚታሰርባቸው ትልልቅ ቡሎኖች በብረት ቅርጽ ተይዘው ቦታቸው ላይ ይቆማሉ። እዚህ ላይ ትንሽ መዛነፍ ማለት ከላይ ብዙ መዛነፍ ነው። አርማታ ከጠነከረ በኋላ ቡሎን ማንቀሳቀስ ደግሞ የማይሆን ነገር ነው።

ከዚያ መጠበቅ አለ። አርማታ የሚለካው በ28ኛው ቀን ጥንካሬው ነው። ይህን ወር መዝለል የሚፈልግ ኮንትራክተር ካጋጠማችሁ ሌላ ኮንትራክተር ፈልጉ።

ግንቡ በቁርጥራጭ ነው የሚመጣው። እያንዳንዱ ቁራጭ ውስጡ ክፍት የሆነ የብረት መረብ ነው፤ ነፋሱ በመሐሉ ያልፋል፣ መኪና ላይም ይጫናል። የመጀመሪያው ቁራጭ መሠረቱ ላይ ይታሰራል። ቀለበቱ ታች ላይ ግንቡን ከብቦ ይገጣጠማል። ቀሪዎቹን ክሬን አንድ በአንድ እያነሳ ይደረድራል። ላይ ያሉት ሠራተኞች ቡሎኖቹን ያጠብቃሉ። «ጠብቋል» የሚለው በጡንቻ አይወሰንም፤ ኃይሉን የሚለካ ቁልፍ አለ፣ የተባለው ልክ ላይ ሲደርስ ይቆማል።

ቡሎኑ ሲጠብቅ ሠራተኛው በቀለም አንድ መስመር ያሰምራል። መስመሩ ከቡሎኑ ጫፍ ጀምሮ በዳዶው ላይ አልፎ እስከ ብረቱ ድረስ ይሄዳል። ከወራት በኋላ የሚፈትሸው ሰው ቁልፍ እንኳ ሳያወጣ በዓይኑ ያያል። መስመሩ ቀጥ ያለ ከሆነ ቡሎኑ አልተነቃነቀም። መስመሩ ከተሰበረ ዳዶው ዞሯል ማለት ነው። በሳንቲም የሚገዛ ቀለም የብዙ ሰው ነፍስ ይጠብቃል። እንዲህ ያለ ፓርክ ከሄዳችሁ ወረፋ ላይ ቆማችሁ የግንቡን እግር ተመልከቱ፤ መስመሮቹን ታያላችሁ።

በመጨረሻ ካቦው (ቀለበቱን የሚጎትተው የብረት ገመድ)፣ ሞተሩ፣ ፍሬኑ፣ ቀለበቱን የሚያቀልለው የማመዛዘኛ ክብደትና መብራቱ ይገጠማሉ።

የሐይቁ ዳር መሬት ይችላል?

እኔ ከሁሉ በላይ የምፈራው ይህን ነው። የባሕር ዳር አፈር ብዙ ቦታ ላይ ዋልካ ነው። ዋልካ በክረምት ይጠጣል፣ ያብጣል፤ በበጋ ይደርቃል፣ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። ግቢ ያጠረ ሰው ሁሉ አጥሩ ላይ የወጣውን ስንጥቅ ያውቀዋል። የአጥር ስንጥቅ በሲሚንቶ ይለጠፋል። የ80 ሜትር ግንብ መሠረት ግን በዚህ አፈር ላይ አይቀመጥም፤ ዋልካው ተጠርጎ ወጥቶ ከታች ያለው ጥቁር ድንጋይ ላይ መድረስ አለበት። ድንጋዩም አይታመንም። የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ስለሆነ አንዳንዱ ጠጣር ነው፣ አንዳንዱ ቀዳዳ የበዛበት ነው፣ አንዳንዱ በስብሷል። መሰርሰሪያው ድንጋይ ነካ ተብሎ ሥራው አይቆምም፤ ድንጋዩን አልፎ ሥሩ ምን እንዳለ ማየት ያስፈልጋል።

ውኃውም አለ። ጣና ከፍ የሚለው ክረምቱ ወጥቶ መስከረምና ጥቅምት ላይ ነው፤ ዝቅ የሚለው ግንቦትና ሰኔ ላይ። የከርሰ ምድሩም ውኃ አብሮት ይወጣል፣ ይወርዳል። ግንቦት ላይ ቆፍሮ «ውኃ የለም» ብሎ ሪፖርት የሚጽፍ ሰው የጻፈው ስለ ግንቦት ብቻ ነው።

ከዚህ ሌላ ጣናና አካባቢው በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ተብሎ ተመዝግቧል። ደንገሉ ዓሣ የሚራባበት፣ ወፍ ጎጆ የሚሠራበት፣ ታንኳ የሚሠራበት ነው። እንቦጭ ያደረሰበት አልበቃ ብሎ እኛ ደግሞ አርማታ አንጨምርበት። ስለዚህ የእኔ አቋም ይኸው ነው፦ ከተሠራም ከውኃው ጥግ ራቅ ብሎ ይሠራ። ግንብ እኮ ነው። ከውኃው ጥቂት መቶ ሜትር ቢርቅም ሐይቁ እንደሆነ ይታያል።

ነፋሱስ?

ግንቡ ጫፍ ላይ የነፋስ መለኪያ ይተከላል። ፋብሪካው «ከዚህ ፍጥነት በላይ ሰው አትጫኑ» ብሎ በጽሑፍ ይሰጣል። መለኪያው እዚያ ሲደርስ ይቆማል፤ ወረፋው ቢረዝምም፣ ቪአይፒ ቢመጣም።

የጣናን ነፋስ የጀልባ ሰዎች ያውቁታል። ወደ ገዳማቱ የሚሄድ ሰው በጠዋት ውጣ የሚባለው ውኃው በጠዋት ስለሚረጋ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳል፣ ማዕበሉ ጀልባውን ይመታል። መሬት ላይ የሚሰማን ነፋስ ደግሞ 80 ሜትር ላይ ካለው ያንሳል። እንግዲህ የሰዓት ሰሌዳው ከአሁኑ ግልጽ ነው፦ ጠዋት ክፍት፣ ከሰዓት እንደ ነፋሱ፣ ሲመሽ እንደገና።

አንድ ጥሩ ዜና አለ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው በ16 በመቶ ገደማ ይሳሳል። ያው ፍጥነት ያለው ነፋስ ግንቡን የሚገፋበት ኃይልም በዚያው ልክ ይቀንሳል። መሐንዲስ ይደሰታል። ግን በዚህ ተማምኖ ብረት የሚቀንስ ሰው መሐንዲስ አይደለም።

መብረቅስ?

ረጅም ብረት፣ ሜዳ፣ የክረምት ከሰዓት። መልሱን ታውቁታላችሁ። ግንቡ ራሱ አይጎዳም፤ ኤሌክትሪኩን ወደ መሬት የሚወስድ ሽቦ አለው። ሰው ጭኖ ግን ዕድል አይሞከርም። ነጎድጓድ ሲሰማ ሰው ይወርዳል፣ በሩ ይዘጋል። ከሰኔ እስከ መስከረም ብዙ ከሰዓት በኋላዎች እንዲህ ሊያልፉ ነው። የቢዝነስ ፕላኑ ላይ 365 ቀን ብሎ ያሰላ ሰው ክረምትን ረስቷል።

መብራት ቢጠፋስ?

ይህ ጥያቄ ከሁሉ ይበዛል፤ ለምን እንደሚበዛም እናውቃለን።

ፍሬኑ የሚሠራው በተቃራኒው ነው። መብራት ሲኖር ፍሬኑን ይከፍተዋል፤ መብራት ሲጠፋ በራሱ ይይዛል። ስለዚህ መብራት መጥፋት ማለት መውደቅ ማለት አይደለም። ቀለበቱ ባለበት ከፍታ ይቆማል፣ መዞሩ ቀስ እያለ ይሞታል፣ ወንበሮቹ ወደ ውስጥ ይሰበሰባሉ። ከዚያ ጀነሬተር ይነሳል፣ ወይም ሠራተኞቹ ፍሬኑን በእጅ ቀስ በቀስ እየለቀቁ ያወርዱታል። የማመዛዘኛው ክብደት ስላለ መውረዱ እርጋታ አለው።

ችግሩ ያለው መጠበቁ ላይ ነው። በ2012 ካሊፎርኒያ ውስጥ 92 ሜትር ቁመት ያለው የዚህ ዓይነት መጫወቻ 20 ሰዎችን ጫፍ ላይ እንደያዘ ለሰዓታት ቆመ። ማንም አልሞተም። ግን እግር ተንጠልጥሎ፣ ሽንት ይዞ፣ ለሰዓታት። መጫወቻው ከዚያ በኋላ ተዘጋ፤ ተነቅሎ ሌላ ግዛት ውስጥ በ2014 እንደገና ተተከለ።

ስለዚህ ጠያቂ ከሆናችሁ «ጀነሬተር አለ ወይ?» አትበሉ። ሁሉም «አለ» ይላል። «ለመጨረሻ ጊዜ የተነሳው መቼ ነው? ናፍጣስ አለው?» በሉ።

አደጋ ደርሶ ያውቃል?

ደርሷል። ኦርላንዶ ላይ በሴፕቴምበር 2020 ግንቡ ላይ ወጥቶ ፍተሻ ሲያደርግ የነበረ ሠራተኛ ወድቆ ሞተ። ተሳፋሪ አልነበረም። እኔ ይህን የማነሳው ሁላችንም የምንጠይቀው ስለ ራሳችን ወንበርና ቀበቶ ብቻ ስለሆነ ነው። በየጠዋቱ ሰንሰለቱን፣ ብየዳውንና ቡሎኑን ለማየት የሚወጣ ሰው አለ። እኛ ታስረን ነው የምንወጣው፤ እሱም ሁልጊዜ ታስሮ መውጣት አለበት። ግንባታ ቦታ ላይ የደኅንነት ቀበቶን እንደ ጌጥ የምናይበት ልማድ እዚህ ላይ አይሠራም።

አውሮፕላን ማረፊያው አይከለክልም?

ይጠየቃል። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ደንብ መሠረት በትልልቅ ማረፊያዎች ዙሪያ እስከ 4 ኪሎ ሜትር ድረስ ከማረፊያው ከፍታ በላይ ከ45 ሜትር የሚበልጥ ነገር እንቅፋት ተብሎ ይታያል። ከዚያ ወዲያ ገደቡ ከርቀቱ ጋር ከፍ እያለ ይሄዳል፤ በመነሻና በማረፊያ መስመር ላይ ደግሞ ሌላ ጥብቅ ስሌት አለ። የእኛ ማረፊያ ከከተማው በስተምዕራብ ነው። ቦታ ከመገዛቱ በፊት ወደ ኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን መሄድ ግድ ነው። ጫፉ ላይ ቀይ መብራትም ይኖራል።

ዕቃው በምን ይመጣል?

በመርከብ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ በተሳቢ። የግንቡ ቁራጮች ረጅም ቢሆኑም ተሳቢ ላይ ይጫናሉ። መንገዱ ይቻላል። የሚከብደው የውጭ ምንዛሪው፣ ጉምሩኩና የሚያስፈልገውን ቁመት የሚደርስ ክሬን ማግኘቱ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ መለዋወጫው። ካቦና ሰንሰለት ዕድሜ አላቸው፤ ጊዜያቸው ሲደርስ ይቀየራሉ። «ኤል ሲ (ለውጭ ግዢ የሚሰጥ የባንክ የክፍያ ዋስትና) እስኪከፈት በዚሁ እንሥራ» የሚባልበት ዕቃ አይደለም። ከግንቡ ጋር የመጀመሪያዎቹ ዓመታት መለዋወጫ አብሮ ካልተገዛ ባይገዛ ይሻላል።

ቋሚ ባይሆንስ?

ጥሩ ጥያቄ። አውሮፓ ውስጥ በተሳቢ ተጭነው ከከተማ ከተማ የሚዞሩ ተነቃይ ግንቦች አሉ። የስኮትላንዷ ኤድንብራ በገና ሰሞን መሐል ከተማ ላይ 60 ሜትር ገደማ የሆነውን ትተክል ነበር። በዓሉ ሲያልፍ ይነቀላል። ጥልቅ መሠረት የለውም፤ የሚቆመው ሰፊ የብረት እግርና ከባድ ክብደት ላይ ነው። ለእኛ ከጥምቀት በፊትና በኋላ ባሉት የበጋ ወራት፣ ዝናብ በሌለበት፣ እንዲህ ያለው ያዋጣል ብዬ አምናለሁ። ከተማው ወደደው ወይስ ጠላው የሚለውም አርማታ ሳይፈስ ይታወቃል።

የመክፈቻው ቀን እንዴት ይቆረጣል?

መጨረሻ ላይ ነው መቆረጥ ያለበት። እኛ ጋ ብዙ ጊዜ ቀኑ ይቀድማል። ባነር ይታተማል፣ ባለሥልጣን ይጋበዛል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ከዚያ ሥራው ወደ ቀኑ ይሮጣል። አዳራሽ ሲሆን ይህ ጉዳት የለውም፤ ቀለሙ ካልደረቀ የአንድ ሰው ኮት ይበላሻል፣ ያልፋል። የተንጠለጠለ ወንበር ሲሆን ግን አይቻልም።

ትክክለኛው አካሄድ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ባዶውን ይዞራል፣ ደጋግሞ። ከዚያ ወንበሮቹ ላይ የአሸዋ ከረጢት ወይም ውኃ የተሞላ አሻንጉሊት ይቀመጣል። ሁሉም ወንበር ሞልቶ ይሞከራል። በአንድ ወገን ብቻ ተጭኖም ይሞከራል። ጫፍ ላይ እያለ ሆን ተብሎ መብራት ይቋረጣል፤ ስንት ደቂቃ ፈጅቶ ወረደ የሚለው ይመዘገባል። ብየዳው በመሣሪያ ይፈተሻል፣ ምክንያቱም የሚያሰጋው ስንጥቅ በዓይን አይታይም። ይህን ሁሉ የሚያረጋግጠው ከሻጩም ከገዢውም ነጻ የሆነ መርማሪ ነው። አውሮፓውያኑ ለዚህ ኢ.ኤን 13814 የሚባል ደረጃ አላቸው፤ ዓለም አቀፉ አይ.ኤስ.ኦ 17842 ነው። ሻጭ ስታነጋግሩ እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ጥሩለት። ፊቱ ላይ የምታነቡት ነገር ይኖራል።

ከዚያ ሠራተኞቹ ይሠለጥናሉ። ቁልፍ መጫን ብቻ አይበቃም። የሚያለቅስ ልጅን፣ የሰከረን ሰው፣ «እኔ ማን እንደሆንኩ ታውቃለህ?» የሚለውን ጌታ እንዴት እንደሚመልሱም ጭምር። ሰው የሚጭነው ሠራተኛ «አይሆንም» የማለት ሥልጣን ከሌለው ሌላው ሥልጠና ሁሉ ከንቱ ነው።

ሪባኑ ከዚህ በኋላ ይቆረጥ። ባለሥልጣኑም ደስ ካለው በመጀመሪያው ዙር ይሳፈር።

ያዋጣል?

አብዛኛው ግንብ 12 ባለሁለት ወንበር አለው፣ ማለትም 24 ሰው። መሳፈሪያና መውረጃውን ጨምሮ በሰዓት 8 ዙር ቢሄድ 192 ሰው ነው። እሑድ ከሰዓት ሊሞላ ይችላል። ማክሰኞ ጠዋት ግን አራት ሰው ጭኖ ይዞራል፤ ሞተሩም የፈታሹም ደመወዝ ያው ነው። እንግዳ ወደ ከተማው ካልመጣ የከተማው ሰው አንዴ ሁለቴ ወጥቶ ይበቃዋል። የቲኬቱ ዋጋ የባጃጅ ሹፌር ልጆቹን ይዞ የሚመጣበት ካልሆነ ደግሞ ግንቡን ከታች ሆነን የምናይ እንበዛለን።

ከላይ ምን ይታያል?

እንግዲህ ወደ ደስታው መጣን። ከ80 ሜትር ከፍታ ላይ በውኃ ላይ ዓይን የሚደርሰው 32 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ክብራን ገብርኤልና እንጦስ የተባሉት ደሴቶች ቅርብ ናቸው። ዘጌ ከነጫካዋ ትታያለች። አየሩ ጥርት ካለ የደቅ ደሴት ዛፎችም ብቅ ይላሉ። ጎርጎራ ግን አትደክሙ፣ ሩቅ ናት። ዞር ስትሉ ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት፣ አዲሱ ድልድይ፣ ከወዲያ የቤዛዊት ኮረብታ። ያውም በየስምንት ሰከንዱ አንዴ። ዓይናችሁን ካልጨፈናችሁ።

ገዳማቱንና ቤተ ክርስቲያኑን አይረብሽም?

ግንቡ አይረብሽም። ስፒከሩ ግን ይረብሻል። ድምፅ በውኃ ላይ ሩቅ ይሄዳል፣ ማታ ደግሞ ይብሳል። እንዲህ ያለ ቦታ ሁሉ ሙዚቃ ካልጮኸ የተከፈተ አይመስለውም። ፈቃድ የሚሰጠው ክፍል የድምፁን ልክና የመዝጊያውን ሰዓት ከመጀመሪያው በጽሑፍ ያስቀምጥ። ሌሊቱን ሙሉ የሚብለጨለጨው መብራትም ወፎቹን ያደናግራል፤ ከቀዩ ማስጠንቀቂያ በቀር ሲዘጋ ይጥፋ።

ማን ባይወጣ ይሻላል?

ነፍሰ ጡር፣ የልብ ሕመም ያለበት፣ ወገቡን ወይም አንገቱን የታመመ፣ በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ያደረገ። የጠጣ ሰውም። ልጆች በዕድሜ ሳይሆን በቁመት ነው የሚለኩት፤ መግቢያው ላይ መለኪያ እንጨት አለ። ልጁ መለኪያውን ካልደረሰ «አንድ ጣት ናት የጎደለችው» ብላችሁ አትከራከሩ። ብረቱ ጭኑን አጥብቆ የሚይዘው ለዚያ ቁመት ተብሎ ነው የተሠራው።

ነጠላ፣ ጫማና ስልክ ይዤ ብወጣስ?

ነጠላውን ታች ተዉት፣ ሰንሰለት ውስጥ ይገባል። ክፍት ጫማ ይወልቃል፤ ብዙ ቦታ አስወልቀው ነው የሚያሳፍሩት። ስልክ ከ80 ሜትር ቢወድቅ፣ የአየሩን መቋቋም ትተን ብናሰላ፣ መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ በሰዓት 140 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ታች ወረፋ የያዘ ሰው አለ። ቪዲዮውን መሬት ላይ የቀረ ጓደኛ ይቅረጽላችሁ።